ሰኞ ሰኞ ግሪኩ ቤት

የግሪኩ ሾርባ ውስጥ አውራ ጣት ነበረበት። የተቀቀለ እንዳይመስላችሁ፤ የራሱ የግሪኩ፣ ሕይወት ያለው፣ ጥፍሩ ዙሪያውን የጠቆረ አውራ ጣት ነው። ሳህኑን ከወጥ ቤት ይዞ ሲመጣ ጣቱ እስከ መጀመሪያው አንጓ ሾርባው ውስጥ ሰጥሞ ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ያወጣዋል፣ ሽርጡ ላይ ይጠርገዋል፣ ከዚያ በዚያው ጣት ጉንጬን ይቆነጥጠኛል። "ብላ ትንሿ! ብላ!" ይለኛል። ሴትም ሆነ ወንድ፣ አንድም ሆነ ብዙ፣ ለእሱ ሁሉም "ብላ" ነበር። እኔ ግን አልበላም። ጉንጬ ላይ የቀረውን የሎሚና የዓሣ ቅባት በትከሻዬ እየጠረግሁ፣ አባቴ ጣት በታጠበበት ሾርባ ውስጥ ማንኪያውን ሲነክር አያለሁ። ዛሬ የልጆች እናት ሆኜ እንኳን፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሾርባ ሲሸተኝ ሳህኑን ከፊቴ እገፋለሁ።

ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኝና በጫማ መደብር መካከል የተሰነቀረ ነው። ቤት ከማለት ኮሪደር ማለት ይቀላል። ለአሥር ሰው የማይበቃ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ አርባ ሰው ይበላበታል። ወንበሮቹ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው ስለተደረደሩ፣ ግድግዳው ጋ የተቀመጠ ሰው ሽንት ቢመጣበት መደዳውን ሁሉ ማስነሳት አለበት። አንዱ ሲስቅ የሌላው ሾርባ ይፈሳል። የማላውቀው ሰው ክርን ጎኔ ውስጥ፣ የማላውቀው ሰው ጉልበት ጉልበቴ ላይ ነው። መስኮቱ ያልበዋል፣ ጣራው ያልበዋል፣ ከጣራው የሚንጠባጠበው ላብ ዳቦው ላይ ያርፋል። ሰው ደግሞ ያንን ዳቦ ይበላል!

ከዚህ ሁሉ የባሰው የአስተዛዘዙ ነገር ነበር። ግሪኩ ቤት የምግብ ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። በላተኛው ራሱ ተነሥቶ ወጥ ቤት ይገባል፣ የድስቱን ክዳን ይከፍታል፣ አፍንጫውን እንፋሎቱ ውስጥ ነክሮ ያሸታል፣ ከዚያ "ከዚህ" ብሎ በጣቱ ያሳያል። መካኒኩ በግራሶ እጁ፣ ሹፌሩ ቤንዚን በነካ እጁ፣ ሁሉም ያንኑ ክዳን ይነካል። አንዱ ድስቱ ላይ ሲያስነጥስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ስምንት እግሩን የዘረጋ የባሕር ጉድ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤ የሚገባው ሁሉ ለንጉሥ እንደሚሰግድ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

አሁን እኛ ምን ዓይነት ቤተሰብ እንደነበርን ልንገራችሁ። እናቴና ታላቅ እህቷ ላውንደሪ ቤት ነበራቸው። ቤታችን ከሩቅ በረኪና በረኪና ይላል። በአንድ ብርጭቆ ሁለት ሰው አይጠጣም፤ እናቴ እኔ የነከስኩትን ብስኩት እንኳን አትቀምስም ነበር። የሰው ሸሚዝ አንገትጌ ላይ ያለ እድፍ አይታ ስለ ባለቤቱ ኑሮ ታወራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታወራው ጥሩ አልነበረም። አባቴ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ነው። ነጭ ካፖርቱ ላይ አንዲት ፀጉር ብትገኝ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ መቀሱን በአልኮል ሳያጥብ ከአንድ አንገት ወደ ሌላ አንገት የማይሻገር ሰው። ምላሱም እንደ መቀሱ አያርፍም ነበር ይላሉ። ሰው ፀጉሩ ሳያድግ ወሬ ሊሰማ ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ሰኞ ሰኞ፣ ሱቁ ዝግ በሚሆንበት ቀን፣ እዚያ ጉድጓድ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

እኔ ብቻ አይደለሁም የጠየቅሁት። እናቴም ሌት ከቀን የምትጠይቀው ይኼንኑ ነበር። አባቴ እቤት መብላት ትቷል። ማታ ሲመጣ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፣ እናቴ ታቀርባለች፣ እሱ ሳህኑን በቀስታ ገፋ አድርጎ "በልቻለሁ" ይላል። ያችን ቃል ብቻ ነው የሚላት። የት በላህ ስትለው በእጁ ወደ ውጭ ያመለክታል። እናቴ ምግቡን ከድና ታስቀምጠዋለች፤ ጠዋት ከፍታ ታየዋለች፤ የረጋ ቅባቱን አይታ ፊቷን ታዞራለች።

አክስቴ ሸሚዝ እየተኮሰች "ወንድ ልጅ ሆዱን ቤቱ ካልሞላ የሚሞላለት አለ ማለት ነው" ስትል ሰማኋት።

"አፍሽን ዝጊ፤ ልጅቷ ትሰማለች" አለች እናቴ።

"ትስማ! እሷም ነገ ታገባለች። ዝም ብሏል ነው ያልሽኝ? ያ ለፍላፊ ሰው እቤቱ ገብቶ ዝም ካለ፣ ወሬውን የሚጨርስበት ሌላ ጆሮ አግኝቷል። እኔ ምን አውቃለሁ፤ እኔስ ባል የለኝ።"

ሰማሁ እንጂ አልገባኝም። አባቴ ሰኞ ሰኞ ግሪኩ ቤት ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ያይ ስለነበር፣ ሆዱን የሚሞላው ግሪኩ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ አክስቴ ይኼን ለማወቅ ለምን ያን ያህል እንደምትጨነቅ ነው ያልገባኝ። በማግስቱ እናቴ አባቴን "ሰኞ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ስለሌለ አንተ ውሰዳትና አብራህ ምሳ ትብላ" አለችው።  አባቴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እምቢ ቢል ኖሮ እናቴ የጠረጠረችው ሁሉ እውነት ይሆንባት እንደነበር የተረዳሁት እኔም አግብቼ፣ ፍርሃት ሰውን ምን ምን እንደሚያስብል ካየሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ማታ ምርመራው ይጀመራል። እናቴ ልብስ ላይ ውኃ እየረጨች፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ፣ እንደ ዋዛ ትጠይቀኛለች።

"ማን አብሯችሁ ተቀመጠ?"

"የከባድ መኪናው ሹፌር። የወይራውን ፍሬ መዳፉ ላይ እንትፍ እያለ ጠረጴዛው ዳር ላይ ይደረድረዋል።"

"እሱን ተዪው። ሴት የለችም?"

"አለች።"

የውኃው መርጫ አየር ላይ ቀረ። አክስቴ ካውያዋን አቆመች።

"ምን ትመስላለች?"

"ጺም አላት።"

"ምን?"

"የግሪኩ እናት ናት። አሮጊት ናት፣ ጥርስ የላትም፣ ጺም አላት። ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጣ ድመቷን ታቅፋለች፤ በዚያው እጇ ዳቦ ትቆርጣለች።"

አክስቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናቴ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን አመለጣት። ያን ቀን እናቴን ያሳቅኋት መስሎኝ ኮራሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አሮጊቷ ጺም በየሳምንቱ አዲስ ነገር እጨምር ነበር።

አንድ ማታ ግን ሌላ ነገር ተናገርኩ። አባቴ ሲበላ አገጩ ላይ እንደሚፈስበት፣ ሸሚዙን የሚያቆሽሸው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ ሹፌሩ እንኳን ከእሱ ተሽሎ እንደሚበላ ነገርኳት። እናቴ የአባቴን ሸሚዝ አንስታ የደረቀውን ቢጫ ቅባት በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ሸሚዙ ሽቶ ይሸት እንደሆነም አሸተተችው። አክስቴ "ምን ይገርማል! ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች" አለች።

ይህች ተረት ለእኔ የሐኪም ቃል ሆነችኝ። ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። ግሪኩ ቤት ቆሻሻ ነው፤ ቆሻሻ ይጋባል፤ አባቴ ላይ ተጋብቶበታል! ከዚያ ወዲያ በየሰኞው የማየው ሁሉ ይኼንን አረጋገጠልኝ። መጀመሪያ አገጩ ላይ ትንሽ መረቅ ነበር፤ ቀጥሎ ከከንፈሩ ጥግ ምራቅ ይወርድ ጀመር፤ ቀጥሎ ምግቡ ራሱ እየተመለሰ ይወጣ ጀመር። አነጋገሩም ተበላሸ። ቃላቱን እየጎተተ፣ እያላመጠ፣ ግማሹን እየዋጠ፣ ልክ እንደ ግሪኩ ይናገር ነበር። የሰውየው ቋንቋ ሳይቀር ተጋባበት ብዬ አዘንኩ። እቤት ሲሆን ደግሞ "በልቻለሁ"ን ብቻ አጥርቶ ይላታል። ዛሬ ሳስበው ያችን አንዲት ቃል መንገድ ለመንገድ ሲለማመዳት የሚመጣ ይመስለኛል።

ምግቡን ብታዩት! ሌላው ሰው ቢያንስ ዓሣ የሚመስል ዓሣ ይበላል። ለአባቴ የሚመጣለት ግን ከትልልቆቹ ድስቶች አይደለም። ከምድጃው ጥግ አንዲት ትንሽ ድስት አለች፤ የአሮጊቷ ድስት ናት። ጥርስ ስለሌላት ዓሣውም፣ ድንቹም፣ አትክልቱም አንድ ላይ ተደቁሶ ዱቄት የሚቦካ እስኪመስል ድረስ ይላቆጥላታል። አባቴ የሚበላው ከዚያች ድስት ነው። ግሪኩ እዚያው አጠገባችን ቆሞ፣ ሳህኑ ውስጥ ጣቱን ከቶ፣ የቀረች አጥንት ካለች ብሎ ልቁጡን በጣቶቹ መሃል እያሸ ይፈትሸዋል። አንዲት ስስ አጥንት ያገኘ እንደሆነ ለብርሃን ያሳያታል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ይጥላታል።  ጥርሷ ያለቀ፣ ባለጺም አሮጊት ያስተረፈችውን አባቴ ይብላ?

አሮጊቷ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ልጇን "ዛሬ ድስቴን እጥፍ አድርግ፣ ፀጉር አስተካካዩ ይመጣል" እያለች ታስታውሰው እንደነበር የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከሁሉ የምጠላው ግን ክዳኑን ነበር። ግሪኩ አንድ ትልቅ የድስት ክዳን በግራ እጁ፣ ጭልፋ በቀኝ እጁ ይዞ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ሁልጊዜ ወደ እኛ ጠረጴዛ ነው የሚያየው። አባቴ በሰላም እየበላ ሳለ፣ ሰውየው በድንገት ክዳኑን ኳ! ኳ! ኳ! ያደርገዋል። "ዓሣ ደርሷል! ድንች ደርሷል! ቀጭኔ፣ የት ሄድክ!" እያለ ይጮኻል። አንገቱ ስለረዘመ ቀጭኔ የሚሉት አስተናጋጅ ከዚያኛው ጥግ ዘፈን ይጀምራል። ሹፌሩ ጠረጴዛውን በጡጫው ይደልቃል። ቤቱ በሙሉ የሰርግ ቤት ይሆናል። በዚህ መሃል አባቴ ትን ብሎት፣ ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ጠቁሮ፣ ፎጣውን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ግሪኩ ክዳን እየደለቀ አስደንግጦት ምግቡ በተሳሳተ ጉሮሮ ገባበት ማለት ነው! በየሰኞው አስደነገጠው፤ በየሰኞው ትን አስባለው። አንድ ቀን ይገድለዋል ብዬ አምን ነበር። አባቴ ግን ሲሻለው እንባውን ጠርጎ ለግሪኩ ራሱን ዝቅ አድርጎ ያመሰግነዋል። ይኼ ሰው ምን ነክቶታል?

ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ነበር። በሽታው ቀድሟል፤ ግሪኩ ቤት የመጣው ኋላ ነው። ምላስንና ጉሮሮን ቀስ እያለ የሚያደክም፣ ዛሬም ቢሆን ሐኪም ስሙን እንጂ መድኃኒቱን የማያውቀው በሽታ ነው። ግሪኩ ወንድሙን በዚሁ በሽታ ቀብሯል። አንድ ቀን አባቴ ሱቅ ጺሙን ሊላጭ ሄዶ፣ አባቴ ውኃ ሲጎነጭ ትን ሲለው ሰማና አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ተነሥቶ "ማስቶራ፣ ከእኔ ጋር ና" አለው፤ ባለሙያ የሆነን ሰው ሁሉ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ይኼን ሁሉ የነገረን አባቴ ሞቶ ለቅሶ የመጣ ጊዜ፣ ያንን ጥፍሩ የጠቆረ እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ነው። አባቴ ከከተማው ሁሉ የቆሸሸውን፣ የጠበበውን፣ የሚጮኸውን ቤት የመረጠው ወዶ አልነበረም። እዚያ ቤት አንድ ሰው ቢያንጠባጥብ ማን ያየዋል? ቢያስል ማን ይሰማዋል? ክዳኑም የሚጮኸው አባቴ ሳል ሲጀምረው ነበር፤ እኔ በዚያ ሁካታ የትኛው እንደቀደመ መለየት አልቻልኩም።

እናቴ የመጣችው አንድ ሰኞ ነው። በሩ ሲከፈት የውጭው ብርድ ገባ፤ ቀና ስል ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ቆማለች። ከንፈሯን ቀለም ተቀብታለች። እናቴ ከንፈሯን ቀለም የምትቀባው ለጠብ ስትሄድ ብቻ ነበር።

"እማዬ!" ብዬ ጮህኩ። በደስታ ነው የጮህኩት፤ በመጨረሻ አንድ ንጹሕ ሰው መጣ።

ግሪኩ ክዳኑን እንደያዘ፣ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋባት። "ቦታ የለም! እመቤት፣ ነገ ና! ነገ ብዙ ቦታ!"

"ቦታ መች ጠየቅሁህ? ባሌን ፍለጋ ነው የመጣሁት።"

"ዛሬ ሙሉ ነው! ነገ ና!"

"ምን ደብቀህ ነው እንዲህ የሚያደርግህ?" አለችና ከክንዱ ሥር ሾልካ ገባች። ወደ እኛ አልመጣችም። ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ከዚያ ባለስምንት እግር ሥር ጎንበስ ስትል አንድ ጠብታ አንገትጌዋ ላይ አረፈ፤ እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ አየሁት፣ ሰቀጠጠኝም። እሷ ግን አልጠረገችውም። የጓዳውን መጋረጃ ገለጠች፣ ከዱቄት ጆንያው ጀርባ አየች፣ የሽንት ቤቱን በር ሳይቀር ገፋችው። ያገኘችው አሮጊቷን ብቻ ነው፤ ትንሿን ድስቷን ጭኗ ላይ አድርጋ በሹካ ትደቁሳለች።

"ሌላ ሴት የለችም እዚህ?" አለቻት እናቴ። ድምፅዋ ተሰበረ።

አሮጊቷ ቋንቋችንን አታውቅም። እናቴ የራባት ስለመሰላት ከድስቱ በማንኪያ ጨልፋ ዘረጋችላት። እናቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ስንመለስ ሹፌሩ ሆዱን አስገብቶ ቦታ ለቀቀላት። ሰው ሲበላበት የዋለ ላስቲክ ጠረጴዛ ላይ እናቴ ክርኗን አስደግፋ አባቴን አየችው። አባቴ ፎጣውን እጁ ውስጥ ጨምድዶ ይዟል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች ሳህኑን እያየች።

አባቴ ሳህኑን በክንዱ ከለለው።

"የእኔን ድስት ጠልተህ ይኼን ነው የምትበላው? እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስተኩስ ውዬ፣ ማታ ቆሜ የማበስለው ለድመት ነው?"

"እ…" አለ አባቴ።

"በል ብላ። ስትበላ ልይህ። እኔ ፊት መብላት ያቃተህ ለምን እንደሆነ ዛሬ ልወቀው።"

አባቴ ወደ በሩ አየ። ለመውጣት መደዳው ሁሉ መነሣት ነበረበት። ወደ ግሪኩ አየ፤ ግሪኩ ራሱን በአሉታ ነቀነቀለት። አባቴ ግን ማንኪያውን አነሣ። አንድ ጊዜ ጎረሰ፣ አገጩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ብዙ ቆይቶ ዋጠው። ሁለተኛውንም ዋጠው። እናቴ ከአፉ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ሦስተኛው ላይ ትከሻው ዘለለ።

ክዳኑ ኳ አለ። ቀጭኔ ዘፈኑን ጀመረ። ሹፌሩ ጡጫውን አነሣ።

"ዝም በሉ!" አለች እናቴ ተነሥታ። "ሰው እየታነቀ ምን ያስጮኻችኋል!"

አርባ ሰው ዝም አለ። ያ ቤት ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። እናም በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ላውንደሪ ቤታችን ያለው የማጠቢያ ገንዳ በክር ሲደፈንና ውኃውን ለመዋጥ ሲታገል የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ከሰው ይወጣል አይባልም። ምግቡ በአፍንጫው ወጣ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጆሮዬን ግን የምደፍንበት እጅ አልነበረኝም፣ አንዱን ሹፌሩ ይዞኝ ነበር። አሮጊቷ ድስቷን ጥላ መጥታ የአባቴን ራስ ወደ ደረቱ ደፋችው፣ ጀርባውን አሸችው፣ አፍንጫውን በባዶ እጇ ጠረገችለት። በባዶ እጇ! ከዚያ እጇን ቀሚሷ ላይ አበሰች።

አባቴ ትንፋሹ ሲመለስ ሰዉ ሁሉ የየራሱን ሳህን እያየ ነበር። ማንም አልጎረሰም።

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አለች እናቴ። ማንን እንደጠየቀች አላወቅሁም፤ ቤቱን በሙሉ ነበር የምታየው። "ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

ሹፌሩ የወይራ ፍሬዎቹን በጣቱ ማስተካከል ያዘ። ግሪኩ ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ሐኪም አይቷል፣ እመቤት። ሁለት ሐኪም። መድኃኒት የለም አለ።"

እናቴ ተቀመጠች። አባቴ እጇን ሊይዝ ፈለገና እጁ መረቅ ስለነካው መልሶ ሰበሰበው። አፉን እያጣመመ፣ እያንዳንዷን ቃል ከጉድጓድ እንደሚጎትት እየጎተተ፣ "እን… ዳት… ጸየፊኝ… ብዬ" አለ።

እናቴ የሰበሰበውን እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው፤ መረቁ የካፖርቷ እጅጌ ላይ ተለቀለቀ። እኔ እጅጌዋን ነው የማየው። ያ ካፖርት በውኃ የማይታጠብ ነበር።

"ሴት መስሎኝ ነበር" አለች። "ሴት ናት ብዬ ነበር ሌሊት የማልተኛው። ምነው ሴት በሆነች! ምነው አንዷ ባለጌ በሆነች! ፀጉሯን ይዤ ከዚህ እጎትታት ነበር። ይኼን ምኑን ይዤ ልጎትተው?"

ቃሏን በሙሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱንም አልረሳሁም። የገባኝ ግን የራሴው ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ የነበረችው ሴት አሮጊቷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ አባቴ አጠገብ ቆማለች፣ እጇ ትከሻው ላይ ነው፣ ከድስቷ አብልታዋለች፣ አፍንጫውን ጠርጋለታለች። እናቴ "ምነው እሷ በወሰደችው" ያለች መሰለኝ። ሸሚዙን አይታ፣ አፉን አይታ፣ እንደማይጸዳ እድፍ ቆጥራው፣ አባቴን ለዚያች ባለጺም አሮጊት ልትተውላት ነው!

እሪ አልኩ። የአባቴን እጅጌ ይዤ ከአሮጊቷ እጅ ሥር በኃይል ሳብኩት። አሮጊቷ ራሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ግሪኩ በአውራ ጣቱ እንባዬን ይጠርግ ጀመር፤ ሹፌሩ "አይዞሽ የእኔ ልጅ፣ አይዞሽ" እያለ አንቆ አቀፈኝ። መደዳው ሁሉ እየዞረ አባበለኝ። "ይኼን በምታህል ልጅ! ነፍሷ ነገራት" ይባባላሉ። እናቴም እንደ እሷው የገባኝ መስሏት ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ደፍታ አብራኝ አለቀሰች።

እኔ ግን በእንባዬ መሃል አሮጊቷን በጥርጣሬ አያት ነበር፤ የአባቴ ዓይን ዓይኔን ተከትሎ ጺሟ ላይ ደረሰ። ወደ እኔ ተመለሰ፤ እንደገና ወደ እሷ ሄደ። እንዳልገባኝ የገባው እሱ ብቻ ነበር። በዚያች በተጣመመች አፉ፣ ምራቁ አገጩ ላይ እየወረደ፣ እናቴ እያየችው፣ አባቴ ሳቀ።